ድመትዎ ቋቅ ሲላት፦ ፀጉሩን ከአደጋው የመለያ መመሪያ

ከኢተያ እስከ በቆጂ ባለው የአርሲ ደጋ፣ አሰላ ከተማንም ጨምሮ፣ ስንዴና ገብስ የተከማቸበት ቤት ድመት አያጣም። ለአይጥ ተብላ ትመጣለች፣ ውላ አድራ ቤተሰብ ትሆናለች። ይህች ድመት አንድ ቀን ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ዘርግታ፣ ሆዷ እየተሳበ ቋቅ ሲላት ቤተሰቡ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ፀጉሯን ውጣ ነው፣ ይለቃታል።» አንዳንዴ ልክ ነው። ነገር ግን መርዝ የቀመሰች፣ ክር የዋጠች፣ ጭስ ሳንባዋን የጎዳው፣ የእብድ ውሻ በሽታ የያዛት ድመትም ከሩቅ ስትታይ እንዲሁ ትመስላለች። ድመት የሚያክም ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ደግሞ የመጀመሪያው ፍርድ የሚሰጠው ቤት ውስጥ ነው።

የድመት ምላስ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾህ መሰል ነገሮች አሉ። ገላዋን ስትልስ የረገፈው ፀጉር በእነሱ ይያዝና ወደ ሆዷ ይወርዳል። አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ የቀረው ጨጓራ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲበዛ ታስመልሰዋለች። የአገራችን ድመቶች በአብዛኛው ፀጉራቸው አጭር ስለሆነ ይህ ሊያጋጥማቸው የሚገባው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። አጭር ፀጉር ያላት ድመት በየሳምንቱ ፀጉር የምታስመልስ ከሆነ ከበስተኋላው ሌላ ነገር አለ፤ ቁንጫ ሊሆን ይችላል፣ የቆዳ ማሳከክ ወይም የአንጀት ሕመም ሊሆን ይችላል። «ፀጉር ነው» ብለው ፋይሉን አይዝጉት።

የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው። የመጀመሪያው የእርስዎን ሕይወት ስለሚመለከት ፈጽሞ አይዝለሉት።

1. እጅዎን ከመስደድዎ በፊት በዓይንዎ ይመልከቱ

«አጥንት ተሰክቶባት ይሆናል» ብሎ ጣትን ወደ ድመት አፍ መክተት በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ከሚነሱት ስህተቶች ሁሉ የከፋውም ይህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም አለ፣ ድመትንም ይይዛል። የጉሮሮና የመንጋጋ ጡንቻዎች ሲሽመደመዱ ድመቷ መዋጥ ያቅታታል፤ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ አፏ ይከፈታል፣ ቋቅ ይላታል። ለሚያያት ሰው የሆነ ነገር ያነቃት ትመስላለች። ቫይረሱ ያለው ደግሞ በዚያው ለሃጭ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጥቂት እርምጃ ርቀው ይመልከቷት። ለማዳ የነበረችው ድንገት መናከስ ጀምራለች? ወይስ ጨለማ ፈልጋ ትደበቃለች? ድምጿ ተለውጧል? የኋላ እግሮቿ ይንገዳገዳሉ? ባለፉት ሳምንታት ወይም ወራት ከማይታወቅ ውሻ ወይም ድመት ጋር ተናክሳ ነበር? ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካዩ አይንኳት። ልጆችን አውጥተው በሩን ይዝጉባትና ለወረዳው ወይም ለከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ነክሳዎት ወይም ቧጭራዎት ከሆነ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። አመድም ሆነ ቅጠል አይድርጉበት። «ድመቷ ትሞት እንደሆነ እንይ» ብለው አይጠብቁ። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ይከላከለዋል።

2. ሳል ይሁን ማስመለስ ይለዩ

የምታስመልስ ድመት መላ ሆዷ ይሳባል፣ አፏን ትከፍታለች፣ ምራቋ ይበዛል፤ በመጨረሻ አንድ ነገር ይወጣል። የምታስል ድመት ደረቷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፣ ጥቂት ጊዜ ትስላለች፣ ምራቋን ትውጥና ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች። ይህ ለሳምንታት እየተደጋገመ ፀጉር አንድም ጊዜ ካልወጣ ነገሩ የሳንባ እንጂ የሆድ አይደለም። አስም ድመትንም ይይዛል።

የአርሲ ደጋ ምሽት ብርዳም ነው። በርና መስኮት ይዘጋል፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ይነዳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል። ድመቷ ሙቀት ፈልጋ የምትተኛው እዚያው ምድጃው ሥር ነው፤ ጭሱን ከሁሉም በላይ የምትስበው እሷ ናት። ለአንድ ሳምንት ጭስ ከሌለበት ክፍል የሞቀ መኝታ ያዘጋጁላትና ሳሉ ቀንሶ እንደሆነ ይመዝግቡ። ተኝታ ሳለችም ደረቷ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ቆጥረው በ2 ያባዙት። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ደጋግሞ ከ40 በላይ ከሆነ ግን ለሐኪም የሚበቃ ምክንያት ነው።

ሲጀምራት ስልክዎን አንስተው ይቅረጿት። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ምልክቱ አይታይም፤ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ከብዙ ገለጻ የተሻለ ያስረዳዋል።

3. የወጣውን ይመርምሩ

ወዲያው ጠርገው አይጣሉት። ጓንት ወይም ፌስታል እጅዎ ላይ ያድርጉ፣ እንጨት ይያዙ፣ ብርሃንና ነፋስ ባለበት ቦታ ይመልከቱት። ለማሽተት ግን አይጠጉ፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ጣት የመሰለ፣ ሞላላ፣ እርጥብ፣ ሲነጣጥሉት የተጠቀጠቀ ፀጉር የሆነ ነገር ካገኙ የፀጉር ጥቅል ነው። ከዚያ በኋላ ድመቷ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከበላችና ከተጫወተች ጉዳዩ አልቋል። እንደተበላ የተመለሰ ምግብ ብዙውን ጊዜ በችኮላ የመብላት ውጤት ነው፤ ምግቡን ከፋፍለው ይስጧት። ነጭ ረጃጅም ትሎች ካዩ ወይም መቀመጫዋ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ቁራጮች ካሉ የአንጀት ትል አለባት። ሁለተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቁንጫ ከመዋጥ ስለሆነ ትሉን አክመው ቁንጫውን ከተዉት ተመልሶ ይመጣል።

ክር ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። የማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋበት ክር፣ የሹራብ ክር፣ ሥጋ የታሰረበት ሲባጎ፤ ድመት በእነዚህ ስትጫወት ትውጣቸዋለች። ጫፉ ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ወጥቶ ቢያዩት አይሳቡት። ሌላው ጫፍ ምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ወይም አንጀቷ ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሲጎትቱት አንጀቱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። አይቁረጡትም፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ቀለም የተነከረ እህል፣ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ወይም የማያውቁት ምግብ ካዩ መርዝ ይጠርጥሩ። ለአይጥ የሚሸጠው ዚንክ ፎስፋይድም ሆነ ጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የሚቀመጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ እርጥበትና የጨጓራ አሲድ ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከድመቷ ትውከት ወጥቶ ሰውንም ይመርዛል። ለማሽተት አይጠጉ ያልኩት ለዚህ ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆችን ያርቁ፣ የመርዙን ማሸጊያ ካገኙ ይዘው ይሂዱ።

4. ሰውነቷን ይፈትሹ

ንጹሕ ፎጣ፣ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት፣ ሰዓት፣ ከተቻለ ዲጂታል ቴርሞሜትር ያዘጋጁ። አንገቷ ብቻ እስኪቀር በፎጣ ይጠቅልሏት።

ከንፈሯን ከጎን ገለጥ አድርገው ድዷን ይዩ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ጫን ብለው ሲለቁት ነጣ ብሎ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ጥቁር ድመት ድዷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ቢኖር ችግር የለውም። የነጣ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ድድ ግን አደጋ ነው። ከዚያ በትከሻዎቿ መካከል ያለውን ቆዳ ያንሱና ይልቀቁት፤ ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ውሃ አልቆባታል። ሆዷን በመዳፍዎ በቀስታ ይዳስሱ፦ ለስላሳ መሆን አለበት። ከደነደነ፣ ከተነፋ ወይም ስትነካ ካመማት ይጻፉት።

የጤነኛ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብተው በመቀመጫዋ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስገቡ፤ ከታገለችዎት ይተዉት፣ በግድ የተለካ ሙቀት አይታመንም። በመጨረሻ ራስዎን ይጠይቁ፦ መጨረሻ የበላችው መቼ ነው? የሸናችውስ?

5. ጊዜ የማይሰጡት ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለ የቤት ሕክምና አይሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ 8ኛው ደረጃ ይለፉ።

አፏን ከፍታ መተንፈስ። ውሻ ሲሞቀው ያለከልካል፤ ድመት ግን እንዲህ የምትተነፍሰው ጭንቅ ውስጥ ስትገባ ነው። ደጋግሞ ቋቅ እያላት ምንም አለመውጣቱ፣ በተለይ ሆዷ ከተነፋ ወይም ዓይነ ምድር ካቆመች፤ የፀጉር ጥቅሉ ወይም የዋጠችው ነገር አንጀቷን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ነው። በትውከቷ ወይም በዓይነ ምድሯ ውስጥ ደም። መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ለሃጭ፣ የጠበበ የዓይን ብሌን፣ መውደቅ። ከአፍንጫ ወይም ከድድ መድማት፤ አንዳንድ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው።

ወንድ ድመት ላላቸው አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ሽንት ለመሽናት እየተቀመጠ፣ እያማጠ፣ እየጮኸ ጠብታ እንኳ የማይወጣው ወንድ ድመት ብዙ ጊዜ «ሆዱ ደርቆበት ነው» ይባላል። ማስመለስም ስለሚጀምረው ከፀጉር ጋር ይምታታል። የሽንት ቱቦው ከተዘጋ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። እስኪነጋ አይጠብቁ።

6. አደገኛ ምልክት ከሌለ ለ24 ሰዓት ቤት ውስጥ የሚያደርጉት

አንዴ ወይም ሁለቴ አስመልሳ ድዷ ሮዝ፣ ዓይኗ ንቁ ከሆነ ጨጓራዋን ያሳርፉት። ለአዋቂ ድመት ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል ያንሱ፤ ውሃው ግን በጥቂት በጥቂቱ ይቅረብላት። ግልገል ከሆነች አያስርቧት። ከዚያ ጨውም ቅመምም የሌለው የተቀቀለ ዶሮ ወይም ጮማ የሌለው ሥጋ በሾርባ ማንኪያ ልክ በየ3 ሰዓቱ ይስጧት።

ፀጉሩ እንዲንሸራተትላት ሽታና ቀለም የሌለው ነጭ ቫዝሊን ይረዳል። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህሉን የፊት እግሯ ላይ ይቀቡት፤ ራሷ ትልሰዋለች። በቀን አንዴ፣ ከምግብ ሰዓት ውጪ፣ ከ2 ወይም 3 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይበቃል፤ ሲበዛ ቫይታሚን ከምግቡ እንዳይሰርጽ ያደርጋል። ሆዷ ከደረቀ ያለ ምንም ቅመም የተቀቀለ ዱባ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሥጋው ጋር መቀላቀል ይቻላል።

ዘይት አፏን ከፍተው አያፍስሱባት። ሳታስለው ወደ ሳንባዋ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣባታል፤ ፀጉር ያልገደላት ድመት በዘይቱ ትሞታለች። ቅቤም ቢሆን እንደ ምግብ ስለሚፈጭ ፀጉሩ ጋ ሲደርስ ቅባትነቱ አልቋል። ንጥር ቅቤ ከሆነ ደግሞ የተነጠረበት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ እነዚህ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ወጥ የተረፈበት እንጀራ፣ ሽሮ፣ በበርበሬ የታሸ ሥጋ ለድመት የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ወተት ብዙ አዋቂ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ታማ ሳለች አይስጧት።

ከ24 ሰዓት በኋላ ካልበላች ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ድመት እንደ ሰው ጾም አትችልም፤ በተለይ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ይጎዳታል።

7. በቤት ካለው መድኃኒት ምኑን እንደማይሰጡ ይወቁ

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ግማሽ እንክብል አንዲትን ድመት ሊገድል ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም አይሰጡም።

በአርሲ ብዙ ቤት በግና ከብት ስላለ የእንስሳት መድኃኒትም በእጅ ይገኛል፤ «ለበግ ከሆነ ለድመት አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ድመት ጨርሷል። ለበግ የሚሰጠው አልቤንዳዞል የድመትን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ የተዘጋጀው በመቶ ኪሎዎች ለሚመዘን እንስሳ ነው፤ ለ3 ወይም 4 ኪሎ ድመት ልኩን መሳት ቀላል ነው። ለመዥገር ጀርባ ላይ የሚፈስሰው ዴልታሜትሪን፣ እንዲሁም ፐርሜትሪን ያለበት ርጭት ድመትን ያንቀጠቅጣታል፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም። ለጎተራ የሚነሰነሰውን ማላታይን ለቁንጫ ብለው ድመት ላይ አይነስንሱ፤ ልሳ ትውጠዋለች። ቀድሞ ከተነሰነሰ ወይም ከተረጨ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ አሙቀው ይውሰዷት።

መርዝ በልታለች ብለው ጨው በጥብጠው አያጠጧት፤ ጨው ራሱ ይመርዛታል።

8. ወደ ሐኪም ይጓዙ

በአሰላም ሆነ በወረዳዎቹ ያሉት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች ዋና ሥራቸው ከብት፣ በግና የጋማ ከብት ነው። ቢሆንም ውሃ ያለቀባትን ድመት ግሉኮስ ሊሰጧት፣ በክብደቷ ልክ የትል መድኃኒት ሊያዝዙላት ይችላሉ። ከመሄድዎ በፊት ድመት ያክሙ እንደሆነ ጠይቀው ይሂዱ። ቀዶ ሕክምና ወይም ራጅ ካስፈለገ ወደ ቢሾፍቱ ማሰብ ይገባል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ እዚያ ነው። ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢሾፍቱ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አዲስ አበባ ውስጥም አሉ።

ድመቷን ክዳኑ በሚታሰር ቅርጫት ወይም ቀዳዳ በተበሳበት ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፈው ያስገቧት። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መክተት የትንፋሽ ችግር ላለባት ድመት የሞት ፍርድ ነው። ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውሃ የሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያድርጉ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ያለበሷት ፎጣ አዳማ ሲደርሱ ይከብዳታል፤ ቁልቁል ሲወርዱ ይግፈፉላት። በመንገድ ላይ ምግብ አይስጧት። ቪዲዮውን፣ የወጣውን ናሙና በተዘጋ ዕቃ፣ የመርዝ ወይም የመድኃኒት ማሸጊያ ካለ እሱንም ይያዙ።

9. ከዳነች በኋላ እንዳይደገም

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ያበጥሯት። ለአጭር ፀጉር ጥርሱ የተጠጋጋ የቅማል ማበጠሪያ ጥሩ ነው፤ የረገፈውን ፀጉር ያነሳል፣ ቁንጫውንም ያሳይዎታል። የተያዘውን ቁንጫ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ። የሚያሳክካት ድመት ቀኑን ሙሉ ስለምትልስ ቁንጫውን ሳያጠፉ ፀጉሩን መቀነስ አይቻልም።

ከሥጋ ቤት የሚገዙላትን ሳንባና ጉበት ቀቅለው ይስጡ፤ ጥሬው የትልና የሌላ ጥገኛ ተሕዋስ መንገድ ነው። ክርና ሲባጎ ከመሬት ያንሱ። የአይጥ መርዝና ድመት አንድ ግቢ ውስጥ አይኖሩም፤ ጎረቤት መርዝ ሊያስቀምጥ ከሆነ ቀድሞ እንዲነግርዎት ይስማሙ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም ባለሙያው በሚነግርዎት ጊዜ ያስከትቧት።

የአርሲ ሰው የገብስ ችግር የለበትም፤ ለድመትዎም ይዝሩላት። በተበሳ ጣሳ አፈር ሞልተው ከገበያ የተገዛ የሚበላ ገብስ ይዝሩ፣ እርጥበቱ አይጥፋ፣ ጣት ሲያህል ያቅርቡላት። ድመቶች ለጋ ሳር ማኘክ ይወዳሉ፣ አንዳንዶቹ ካኘኩ በኋላ ፀጉሩን ያስወጣሉ። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ፣ ቀዩን ወይም ሮዙን ገብስ ግን አይጠቀሙ፤ የአረም መድኃኒት ከተረጨ ማሳ ዳር የታጨደ ሳርም አያምጡላት።

አንድ ደብተር ይያዙና ያስመለሰችበትን ቀን፣ የወጣውን ነገርና ከዚያ በኋላ መብላት አለመብላቷን ይጻፉ። በወር ከሁለት ጊዜ በላይ ካዩ፣ ወይም ሚዛን ላይ ይዘዋት ሲወጡ ክብደቷ ካለፈው ወር ቀንሶ ካገኙት፣ ደብተሩን ይዘው ሐኪም ያናግሩ።